የጋራ የሲንክሮትሮን ጨረር መስመርን ለክሪስታሎግራፊ ማሠራት

ሲንክሮትሮን ኤሌክትሮኖችን በቀለበት ውስጥ እያሽከረከረ ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው፤ ክሪስታሎግራፊ ደግሞ ኤክስሬይ በክሪስታል ላይ ሲበተን ከሚተወው ምስል የሞለኪውልን መዋቅር የማወቂያ ዘዴ ነው። በአንድ የሲንክሮትሮን ቀለበት ዙሪያ በርካታ የጨረር መስመሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ሁሉም ኤክስሬያቸውን የሚያገኙት ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ከሚሽከረከሩት እነዚያው ኤሌክትሮኖች ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ደግሞ የተለያዩ ቡድኖች በፈረቃ ይሠራሉ፤ በብዙ ተቋማት አንድ ፈረቃ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ መስመሩን የሚያሠራ ሰው ሁለት ኃላፊነት አለበት፤ በእጁ ካለው ክሪስታል የሚቻለውን ያህል ጥሩ መረጃ ማግኘት፣ እንዲሁም ተከትሎት ለሚመጣው ቡድን ሁኔታው በትክክል የሚታወቅ መሣሪያ ማስረከብ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በእኔ እምነት ግን የጋራ ተቋም ሥራ የሚቃናውም የሚበላሸውም በእሱ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ናሙናዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ነው። ቡድኑ እያንዳንዱ ክሪስታል በየትኛው ፓክ (የናሙናዎች መያዣ ዕቃ) ውስጥ በስንተኛው ቦታ እንደተቀመጠ፣ የምን ፕሮቲን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈለግበትና መርዛማ ወይም ተላላፊ ነገር ይዞ እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር አስቀድሞ መላክ አለበት። በስፋት የሚሠራበት ፓክ 16 ፒኖችን (ክሪስታል ጫፋቸው ላይ የሚቀመጥባቸውን ቀጫጭን መያዣዎች) ይይዛል፤ ናሙናዎቹ እንደ አስፈላጊነታቸው ካልተደረደሩ ፈረቃው ደካማ ክሪስታሎችን ሲመረምሩ ያልቃል።

ጨረሩ የሚገባበት ክፍል በእርሳስ የተሸፈነ ነው፤ በሩ በደኅንነት ሥርዓቱ ካልተቆለፈም ጨረሩ አይለቀቅም። ከመቆለፉ በፊት አንድ ሰው ክፍሉን ዞሮ፣ ከዲቴክተሩ (የተበተነውን ኤክስሬይ ከሚመዘግበው መሣሪያ) ጀርባና ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ጭምር ተመልክቶ፣ የፍተሻ ቁልፎቹን በተራ እየተጫነ ይወጣል። ቁልፉ የሚመሰክረው መጫኑን ብቻ ስለሆነ፣ ክፍሉ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ የፈታሹ ዓይን ሥራ ነው፤ በሌሊት ፈረቃ ድካም ሲጫን ይህ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ናሙናዎቹን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅንም ወደ ጋዝ ሲለወጥ 700 እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅንን ያሳንሳል። የኦክስጅን ማንቂያው ከጮኸ ሁሉም ሰው ወዲያውኑ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱ የሚፈለገው ከወጡ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ናሙና ከመጫኑ በፊት መስመሩን በታወቀ ክሪስታል መፈተን ያስፈልጋል። ለዚህ ጥሩ የሚሆነው ላይሶዛይም የተባለው ፕሮቲን ባለ አራት ማዕዘን ክሪስታል ነው፤ የንጥል ሕዋሱ (በክሪስታሉ ውስጥ እየተደጋገመ የሚሄደው ትንሹ ክፍል) ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው 79 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) አካባቢ፣ ሦስተኛው ጎን ደግሞ 37 ወይም 38 አንግስትሮም አካባቢ ናቸው። ከሚገኘው መረጃ የሚሰላው ሕዋስ ከዚህ ጎልቶ ከራቀ፣ የዲቴክተሩ ርቀት ወይም የጨረሩ ኃይል በትክክል አልተመዘገበም ማለት ነው። ስህተቱ በዚህ ደረጃ ካልተገኘ በፈረቃው ሁሉ የሚሰበሰበው መረጃ ያንኑ ስህተት ይዞ ይሄዳል። በፕሮቲኑ ውስጥ በገቡ የሴሌኒየም አተሞች አማካይነት መዋቅሩን ለመፍታት ከታሰበ ደግሞ ኃይሉ 12.66 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ ማለትም የሞገድ ርዝመቱ 0.979 አንግስትሮም ገደማ መሆን ስላለበት፣ ትክክለኛው ነጥብ ከክሪስታሉ ራሱ በሚወሰድ የፍሎረሰንስ (አተሞቹ ጨረር ሲመታቸው መልሰው የሚያወጡት ኤክስሬይ) መለኪያ ይረጋገጣል።

ክሪስታሉ በጨረሩ መሃል ከተስተካከለ በኋላ በ90 ዲግሪ የሚራራቁ ጥቂት የሙከራ ምስሎች ይነሳሉ። በ3.9፣ በ3.67 እና በ3.44 አንግስትሮም ላይ ክብ ቀለበቶች ከታዩ በናሙናው ላይ በረዶ አለ ማለት ነው፤ ሌላ ክሪስታል ካለ ወደ እሱ ማለፍ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ክሪስታሉ የሚቀበለው የጨረር መጠን ነው። ናሙናውን በ100 ኬልቪን የሚያቆየው የናይትሮጅን ጋዝ ጉዳቱን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። በዚህ ሙቀት እንደ ወሰን የሚወሰደው 30 ሜጋግሬይ ነው (ግሬይ አንድ ኪሎግራም ነገር የሚውጠው የጨረር ኃይል መለኪያ ነው)፤ እዚያ ሲደረስ በምስሉ ላይ የሚታዩት ነጥቦች ብርታት ከመጀመሪያው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሆኖም በሰልፈር አተሞች መካከል ያሉ ማሰሪያዎችና የአሲዳማ አሚኖ አሲዶች ጫፎች ከዚያ እጅግ ቀደም ብለው ስለሚጎዱ፣ ምስሉ ገና ጥሩ መስሎ እየታየ የኢንዛይሙ የሥራ ቦታ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የጨረሩን ስፋት፣ በሰከንድ የሚደርሰውን የፎቶን ብዛትና የክሪስታሉን መጠን አስገብቶ፣ እንደ ራዶዝ-3ዲ ባለ ፕሮግራም መጠኑን አስቀድሞ ማስላት ተገቢ ነው። የፎቶኑ ብዛት በዚያው ቀን የተለካ መሆን አለበት፤ ከቆየ መዝገብ የተወሰደ ቁጥር ስሌቱን ዋጋ ያሳጣዋል። ዛሬ ዲቴክተሮች በሰከንድ 100 ምስልና ከዚያም በላይ ስለሚያነሱ፣ ሙሉ ዙር በ0.1 ዲግሪ ተከፋፍሎ 3600 ምስሎች በ36 ሰከንድ ሊሰበሰቡ ይችላሉ። ይህ ፍጥነት ጨረሩን አዳክሞ ብዙ ዙር ለመሰብሰብ ዕድል ይሰጣል፤ ጉዳቱ ከጠነከረ የመጨረሻዎቹን ዙሮች መተው ይቻላልና በአንድ ዙር ሁሉንም ከማጥፋት እጅግ ይመረጣል። ረዥም ክሪስታል ከሆነ እያዞሩ ጨረሩን በርዝመቱ ላይ ማንቀሳቀስ ጉዳቱን ያከፋፍላል።

መረጃው እንደተሰበሰበ በኤክስዲኤስ ወይም በዲያልስ ፕሮግራም ወዲያውኑ መሠራት አለበት፤ ክሪስታሉ ከመስመሩ ላይ ከመነሳቱ በፊት ሙላቱ (ከሚጠበቁት ነጥቦች ምን ያህሉ እንደተለኩ) እና የግማሽ መረጃዎቹ ተዛምዶ (መረጃው ለሁለት ሲከፈል ግማሾቹ ምን ያህል እንደሚስማሙ) ከታወቁ፣ ተጨማሪ ዙር ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ይወሰናል። ከሩቅ ሆነው በኮምፒውተር የሚሠሩ ቡድኖች ይህን ውሳኔ ለማግስቱ ባያቆዩት መልካም ነው፤ በማግስቱ መስመሩ የሌላ ቡድን ነው።

ፈረቃው ከማለቁ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አዲስ ናሙና መጫን ይቆማል። ጎኒዮሜትሩ (ክሪስታሉን በጨረሩ ውስጥ የሚያዞረው መሣሪያ) ላይ የቀረ ፒን ይወርዳል፤ ናሙና የሚጭነው ሮቦት ጥሎት የጠፋ ፒን ካለም ቁጥሩ ይመዘገባል፤ የወደቀ ፒን የሚቀጥለውን ቡድን ናሙና ሊያደናቅፍ ይችላልና መደበቅ የለበትም። የተለወጠ የኃይል መጠን፣ የጨረር ስፋትና የዲቴክተር ርቀት ወደ መደበኛው ይመለሳሉ፤ ያልተመለሰ ካለ ከነምክንያቱ በመስመሩ መዝገብ ላይ ይጻፋል። በስልክ ወይም በቃል መናገር አይበቃም፤ ምክንያቱም ሰሚው ከሁለት ፈረቃ በኋላ ላይኖር ይችላል። በተቋሙ ዲስክ ላይ ያለው መረጃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ስለሚጠፋ፣ ቡድኑ ቅጂው መድረሱንና መከፈቱን አረጋግጦ ለመስመሩ ኃላፊ ያሳውቃል፤ ኃላፊውም ከዚህ በኋላ ፓኮቹን ወደ መላኪያ ዕቃቸው መልሶ መስመሩን ለተረኛው ቡድን ይከፍታል።