ከምርቃት ማግስት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምርቃት ሰሞን ባሕር ዳር ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ እስከ ጣና ዳር ጋዋን የለበሰ ልጅ፣ አበባ የታቀፈች እናት፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ፎቶ አንሺ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ያ ሁሉ ተመራቂ ከጓደኛ ቤት ተዳብሎ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲነካካ ይውላል።

ስራ ጠፍቷል፣ ይሄ እውነት ነው። በክልላችን ባለፉት ዓመታት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሆቴሉም፣ የቱሪስት ጀልባውም፣ ፕሮጀክቱም ተጎድቷል። ስለዚህ ስራ ያላገኘ ሁሉ ሰነፍ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። እኔ የምጽፈው በእጃችን ስላለው ነገር ነው። ስራ ያገኙትም ቢሆኑ የሚቸገሩት ብዙ ጊዜ በተማሩት ትምህርት ሳይሆን ማንም ቁጭ አድርጎ ባላስተማራቸው ነገር ነው። ደብዳቤ መጻፍ፣ ውል ማንበብ፣ ደመወዝ ማብቃቃት፣ «አልገባኝም» ማለት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ያንን ያለፈ ሰው ፈተና ያለቀለት ይመስለዋል፣ እናም እንደገና ጀማሪ መሆን ያሳፍረዋል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ እፍረት የሚመጡ ይመስለኛል።

ማስታወቂያ እየጠበቁ መቀመጥ

«የስራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ እስኪለጠፍ መጠበቅ ስራ መፈለግ ይመስላል። ማስታወቂያውን ግን እናንተ ብቻ አይደላችሁም የምታዩት፣ ሺህ ሰው ያየዋል። ከሺው የሚለያችሁ እየጠበቃችሁ ያያችሁትና የነካችሁት ነገር ነው።

የአሳ ሃብት የተማረ ልጅ ጣና ደጁ ነው። ጠዋት ተነስቶ አስጋሪዎቹ ቆረሶና አምባዛ ይዘው ሲወጡ ማን እንደሚረከባቸው፣ ያልተሸጠው ምን እንደሚሆን፣ በረዶ ከየት እንደሚመጣ፣ እምቦጭ የትኛውን ዳርቻ እንደዘጋባቸው ይጠይቅ። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲናገር ከሌላው ይለያል። ቱሪዝም የተማራችሁ ደግሞ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ዘጌ ድረስ ለመሄድ ለምኑ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሴትም ወንድም ይገባል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ግን ሴት አትገባም። ይህን ሳያውቅ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ እንግዳውንም ራሱንም ያሳዝናል። አካውንቲንግ የተማረ? ሰፈሩ ያለ ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩ ተምታቶበታል፣ ሄዶ ያስተካክልለት።

«በነፃ ልሰራ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለወራት በነፃ አትስሩ፣ ጉልበታችሁን መበዝበዝ ነው። ለጥቂት ቀን ሄዶ ማየትና መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሲቪ ላይ የሌለ ችሎታ መጻፍ

«ኤክሴል፦ በጣም ጥሩ» ይላል ሲቪው። ከዚያ ጠያቂው ላፕቶፕ ገፋ አድርጎ «እስኪ ይህን ስም ዝርዝር በየወረዳው ለይና ደምርልኝ» ሲል ልጁን ላብ ያጠምቀዋል። ኤክሴል ለመልመድ ኮርስ መክፈል አያስፈልግም። የጓደኞቻችሁን ስም፣ ዕድሜና ትውልድ ቦታ የያዘ ሰንጠረዥ ስሩ። በፊደል ተራ ደርድሩት፣ አጣሩት፣ ደምሩት፣ አማካይ አውጡለት። ኮምፒውተር ከሌላችሁ የስልኩ መተግበሪያ ለጅምሩ ይበቃል።

ከኤክሴል የሚብሰው ግን የአማርኛ ደብዳቤ ነው፣ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። አራትና አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምረን እንወጣና የምንገባበት መስሪያ ቤት ግን ስራውን የሚሰራው በአማርኛ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አለቃ «ለዞኑ ደብዳቤ አዘጋጅ» ይላል። ልጁ ከሰላምታ ይጀምራል፣ ሁለት ገጽ ይጽፋል፣ ምን እንደሚፈልግ ሳይናገር ይጨርሳል። ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው። «ለ፦» አለው፣ «ጉዳዩ፦» አለው፣ ከታች «ግልባጭ፦» አለው። ጉዳዩ በአንድ መስመር ይነገራል። ከዚያ ምን እንደተከሰተ፣ ምን እንደምትጠይቁ፣ እስከ መቼ እንደሚፈለግ ይጻፋል፣ በቃ። ቃለ ጉባኤም እንደዚሁ ነው። ማን ተገኘ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን እስከ መቼ ይሰራዋል። የተባለውን ሁሉ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ሰፈራችሁ ያለውን ዕድር ጸሐፊ «ቃለ ጉባኤውን እኔ ልያዝልዎ» በሉት። ደስ ብሎት ይሰጣችኋል፣ እናንተም ትለምዳላችሁ። የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር በፍጥነት መምታትም ተለማመዱ፣ ብዙ ቢሮ ውስጥ ይህን የሚችል ልጅ በሳምንቱ ተፈላጊ ይሆናል።

ሳያነቡ መፈረም

ስራ ሲገኝ ከደስታ ብዛት ብዕር አንስቶ መፈረም ነው። «ውሉን ላንብበው» ማለት አለማመን ይመስለናል። አይደለም፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የግል ድርጅት ከሆነ የሚገዛችሁ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የስራ ቀንም መብለጥ አይችልም። ስለዚህ «ስድስት ወር ሙከራ ነህ» ከተባላችሁ ከየት እንደመጣ በትህትና ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ የስራውን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ ሊሰጣችሁ ይገባል። መደበኛው የስራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የስራ ቀን ነው። የመንግስት መስሪያ ቤት የራሱ ሕግ ስላለው ይህን እዚያ ወስዳችሁ አትከራከሩ።

ደመወዙንም አስሉት። «10,000 ብር» ሲባል እጅ ላይ 10,000 አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጥሎ ያለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ ከ7,000 እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ ይቆረጣል። ድምሩ 1,650 ብር ነው። ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ፣ 700 ብር ይወጣል። እጃችሁ የሚገባው 7,650 ነው። አሰሪው በበኩሉ 11 በመቶ ለጡረታችሁ ይከፍላል፣ ስለዚህ ጡረታው በስማችሁ በትክክል መግባቱን ተከታተሉ። ቤት ስትከራዩ የምታስቡት በ7,650 ነው።

«ገብቶኛል» ማለት ሳይገባ

አለቃ ስራ ይሰጣል። «ገባህ?» ይላል። «አዎ ጋሼ!» ከዚያ ልጁ ወንበሩ ላይ ሄዶ ሶስት ቀን ይሰቃያል፣ በአራተኛው ቀን የማይሆን ነገር ይዞ ይቀርባል። ይሉኝታ ነው ይህን የሚያደርገው፣ ዲግሪ ይዤ እንዴት እጠይቃለሁ ይላል። ማንም ግን ከአዲስ ሰራተኛ ሁሉን ማወቅ አይጠብቅም። የሚጠበቀው ስራው ሳይበላሽ መጠየቅ ነው።

ስትጠይቁም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «ጋሼ፣ ይህን እንዲህ ልሰራው አስቤ ነበር፣ ልክ ነኝ? ያለፈው ዓመት የተሰራ ካለ ልየው? እስከ መቼ ነው የሚፈለገው?» ይህን ያለ ልጅ በወሩ የሚታመን ልጅ ይሆናል። ደግሞ ሁሉን አለቃን አትጠይቁ። መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ የትኛው ደብዳቤ የት እንደሚሄድ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንቱ በሏቸው፣ ዲግሪያችሁን በር ላይ ትታችሁ ጠይቋቸው።

የመጀመሪያውን ደመወዝ ያለ እቅድ መጨረስ

የመጀመሪያ ደመወዝ ለእናት መስጠት ወጋችን ነው፣ ይቀጥል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የታናሽ ወንድም ጫማ፣ የአጎት ልጅ ሰርግ፣ «አበድረኝ» የሚል የዶርም ጓደኛ፣ ሁሉም ደመወዝ እንደገባ ይደውላል። ለቤተሰብ በየወሩ የምትልኩትን መጠን ቀድማችሁ ወስኑና ለእነሱም ንገሯቸው። ለማበደር ደግሞ ባይመለስ የማይጎዳችሁን ያህል ብቻ ስጡ። ዕቁብ ግቡ፣ ግን ከምትችሉት ባነሰ። ምግብ ማብሰል የማትችሉ፣ ወንዶቹን ነው የምለው፣ ቢያንስ ሽሮና ምስር ተማሩ። ውጭ የሚበላ ደመወዝ ወሩን አይዘልቅም።

ሰነድ አለመያዝ

አጭር ነው። ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን)፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱን፣ የፋይዳ መታወቂያውን አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉ። ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ኦሪጅናል ለማንም አታስረክቡ። አሳይታችሁ ኮፒ ስጡ። «ስራ አስገባሃለሁ፣ ቀብድ ክፈል» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ሳትከፍሉ ጥላችሁት ሂዱ።

አኩርፎ መውጣት

ስራው አላስደሰታችሁም እንበል። አለቃው ይጮሃል፣ ወይም ሌላ ቦታ የተሻለ ተገኘ። አንድ ሰኞ ጠዋት ዝም ብሎ መቅረት ለብዙዎች ቀላሉ መንገድ ነው፣ ፊት ለፊት «ልለቅ ነው» ማለት ያስጨንቃልና። ግን የሰራችሁበትን ጊዜ ከንቱ ያደርግባችኋል። በአዋጁ መሰረት የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሰራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። በነዚያ ቀናት የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ ያልጨረሳችሁትን ጽፋችሁ አስረክቡ። ከዚያ የስራ ልምድ ማስረጃ ጠይቁ። ምን ስራ እንደሰራችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አሰሪው ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ማህተሙን፣ ቀኑንና የስማችሁን ፊደል ከመስሪያ ቤቱ ሳትወጡ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፣ ስህተት ካለ ያኔውኑ ይስተካከላል።