«ላሊበላ ተመታ» የሚል ወሬ ሲደርስዎ እንዴት ያጣራሉ?

ጦርነት ወይም ፖለቲካዊ ውጥረት በተነሣ ቁጥር ስለ ላሊበላ የሚዛመተው ወሬ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቃላት አይበልጥም፤ «ላሊበላ ተመታ» ይላል። ማጣራት የሚጀመረውም ከእነዚሁ ቃላት ነው። ላሊበላ የንጉሡ ስም ነው፤ የከተማዋም ስም ነው፤ በልማድ ደግሞ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በጠቅላላው የሚጠሩበት ነው። በከተማዋ ዳርቻ የተሰማ ተኩስ ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ሲደርስ «ቤተ ጊዮርጊስ ፈረሰ» ወደሚል ሊለወጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አስቀድመው የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ በየትኛው ወገኑ እንደ ተጎዳ ይጠይቁ። ስፍራውን የሚያውቅ ሰው ቤተ ማርያም ወይም ቤተ አባ ሊባኖስ ብሎ በስሙ ይጠራል፤ ከወሬ ብቻ የሚናገር ግን «ላሊበላ» ከሚለው አያልፍም።

ቀጥሎ ቀኑን ይለዩ። ከተማዋ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተደርጎባታል፤ የአንዱ ወቅት ምስል ለሌላው ማስረጃ ተደርጎ ሊቀርብ ይችላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት በፈረንጆቹ ቆጥሮ የሚያነብ፣ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለውንም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አድርጎ የሚረዳ አይጠፋም፤ በተለይ ልጆቹ ውጭ አገር ላደጉበት ቤተሰብ ይህ ተራ ስሕተት አይደለም።

ምስል ከመጣልዎ በጉግል ሌንስ ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደ ሆነ መፈለግ ቀላሉ ነገር ነው፤ ዋናው ግን ምስሉን ራሱን ማንበብ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተሠሩት 4 ትልልቅ መጠለያዎች ቤተ መድኃኔዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ ከሩቅ የተነሣ «የትናንት» ፎቶግራፍ መጠለያውን ካላሳየ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ ስለሌለው ይህ መለያ ለእርሱ አይሠራም። ለእርሱ ወቅቱን ይመልከቱ፤ ነሐሴ ነው የተባለ ምስል በጉድጓዱ ዙሪያ የደረቀ ሣር የሚያሳይ ከሆነ፣ ወይም ነጭ የለበሰ ሕዝብ እንደ ገና በዓል ዙሪያውን የሞላው ከሆነ፣ ቀኑ አልተገናኘም። ስንጥቅ ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም። ዐለቱ ለስላሳ ስለ ሆነ ዝናብና ዕድሜ ከጥንት ጀምረው ሰንጥቀውታል፤ መጠለያዎቹም የተሠሩት ለዚሁ ነው። የቆየ ስንጥቅ ጠርዙ ይጠቁራል፤ አዲስ ስብራት ግን ከአካባቢው ይልቅ የፈካ ቀለም ይኖረዋል። ይህንንም ቢሆን በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ መፍረድ የባለሙያ እንጂ የእኔና የእርስዎ ሥራ አይመስለኝም።

ስልክ የሚሠራ ከሆነ ይደውሉ፤ ነገር ግን የሠራዊትን እንቅስቃሴ የሚመለከት ነገር አይጠይቁ፤ መልሱ የሚመልሰውን ሰው አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። «አባታችን፣ ዛሬ ጠዋት ኪዳን ደርሷል?» የሚለው ጥያቄ ማንንም አያስጠረጥርም፤ መልሱ ግን ብዙ ይናገራል። የሚመልስልዎት ሰው በዓይኑ አይቶ እንደ ሆነ ወይም ከሌላ ሰምቶ እንደ ሆነ ለይተው ይረዱ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ቢነግሩዎት እንኳ ሁለቱም ከአንድ ሰው ሰምተው ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው መስመሩ ሲቋረጥ ነው። በዚያን ጊዜ ዝምታውን ለጥቃቱ፣ የባለሥልጣንን ማስተባበያም ለደኅንነቱ ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይገባም። በአክሱም የሆነውን እናስታውስ። በ2013 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት ሰዎች ታቦተ ጽዮንን ሲጠብቁ ተገደሉ የሚል ወሬ በውጭ አገር ተሰራጨ። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቆይተው ባወጡት ዘገባ ግን ኅዳር 19 እና 20 የኤርትራ ወታደሮች ነዋሪዎችን በመንገድና በየቤታቸው መግደላቸው ተገለጸ፤ ኮሚሽኑ ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል። ስለ ታቦቱ የተባለው አልተረጋገጠም ብሎ ሁሉንም ውሸት ነው ያለ ሰው ግድያውንም አብሮ ጣለው። በውቅሮ አቅራቢያ የሚገኘው የአል ነጃሺ መስጊድ መጎዳትም እንዲሁ በምስል የታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነበር፤ እርሱ እውነት ነበር። ስለዚህ ስለ ሰዎች የተባለውንና ስለ ቅርሱ የተባለውን በሁለት ረድፍ ለያይተው ይጻፉ፤ እያንዳንዱንም ለብቻው ያጣሩ።

እስኪጣራ ድረስ መልእክቱን «ለጥንቃቄ ነው» በሚል መግቢያም ቢሆን አያስተላልፉ፤ እያወቁ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚያስጠይቅ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ለላከልዎት ዘመድ በቡድኑ ፊት ከመመለስ ይልቅ ለብቻው ደውለው ከየት እንዳገኘው ቢጠይቁት ይሻላል።

ጉዳቱ እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ በስፍራው ያለ ሰው ለራሱ የማያሰጋው ከሆነ ከሩቅና ከቅርብ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግብ፤ ለደብሩ አስተዳደርና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ። የወደቀ ድንጋይ ለበረከትም ሆነ ለጽዳት ተብሎ አይነሣ፤ ባለሙያ መጥቶ ከየት እንደ ተሰበረ የሚለየው ከወደቀበት ቦታ ተነሥቶ ነው።