የኡርዱ ጋዛል ለማንበብ

ጋዛል በጥንድ ስንኞች የሚገጠም የግጥም ዓይነት ነው፤ ኡርዱ ደግሞ በፓኪስታንና በሕንድ የሚነገር ቋንቋ ነው። ጋዛልን እንደ ታሪክ ከላይ ወደ ታች አትከተሉት። እያንዳንዱ ጥንድ ስንኝ ራሱን ችሎ ይቆማል። አንዱ ስለ ፍቅር፣ ቀጣዩ ስለ ሞት ቢሆን ግራ አይግባችሁ። የሚያስተሳስራቸው ምጣኔው፣ ቤት መምቻውና ከሱ ቀጥሎ የሚደጋገመው ቃል ነው።

እዚህ ጎንደር አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ዋናውን ዘዴ ያውቀዋል። አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ይደጋግማል። ሁሉም ይጠብቃል። ሁለተኛው ሲመጣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። በኡርዱ የግጥም መድረክ፣ በሙሻይራም፣ ገጣሚው እንዲሁ ያጓጓል፤ ታዳሚው «ዋህ ዋህ!» እያለ ያደንቃል። ስለዚህ ሁለተኛውን ስንኝ በወረቀት ሸፍኑ። የመጀመሪያውን ድምፅ አውጥታችሁ ደጋግሙ፤ መጨረሻውን ገምቱ፤ ከዚያ ግለጡት። እኔ ግምቴ ሲከሽፍ ነው ይበልጥ ደስ የሚለኝ።

ሻማና የእሳት ራት፣ ጽጌረዳና ቡልቡል የተባለችው ወፍ፣ ወይን ቀጂና ወይን የሚያወግዝ ሼኽ በየግጥሙ ይመላለሳሉ። ከፋርስኛ ግጥም የተወረሱ ናቸው። «ሰለቸኝ» አትበሉ፤ ይልቅ «ይሄኛው ገጣሚ በአሮጌው የእሳት ራት ምን አዲስ ነገር ሠራ?» በሉ። የተፈቃሪ ጭካኔም ልማድ ነው፤ በወንድ አንቀጽ መጠራቱም እንዲሁ። የገጣሚውን የሕይወት ታሪክ ከዚያ ለማውጣት አትቸኩሉ። የኡርዱው ገጣሚ ጋሊብ (1797–1869 እ.ኤ.አ.) መጠጥ መውደዱን አልደበቀም፤ የግጥሙ ወይን ግን የግድ ከሱ ጠርሙስ አይቀዳም።

መጨረሻው ጥንድ ላይ የብዕር ስም ፈልጉ። ገጣሚው ራሱን እንደ ሌላ ሰው ጠርቶ ይወቅሳል፣ ይሳለቃል። ካጣችሁት ግን አትጨነቁ፤ ሁሉም ጋዛል የለውም።