ዛፕፊኖ የሠርግ ካርድ ላይ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

የሠርግ ካርድ ስሠራ ሙሽሮቹ ስማቸውን በእንግሊዝኛም ይፈልጉታል። ያኔ እጄ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዛፕፊኖ ነው። በብዕር የተጻፈ የሚመስል፣ ጭራው የሚረዝም፣ በጣም ደስ የሚል ፎንት (የኮምፒውተር ፊደል) ነው። የጀርመናዊው የኸርማን ዛፕፍ ሥራ ነው። ዛፕፍ በፈረንጆቹ 1944 ወታደር ሳለ ደብተሩ ላይ በእጁ ጽፎት ከነበረው ተነሥቶ በ1998 ፎንት ሆኖ ወጣ። ከእጅ የመጣ ፊደል ነው፤ ይሄን ስንረሳ ነው የሚያስቸግረን።

ማተሚያ ቤት ሲደርስ ፊደሉ ተቀየረ

ይሄ እኔንም አቃጥሎኛል። የአክስቴ ልጅ ስታገባ ካርዱን ማክ ላይ ሠርቼ ፋይሉን እንዳለ ላክሁት። 300 ካርድ ታትሞ ሲመጣ ስሟ የተጻፈው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሚጻፍበት ደረቅ ፎንት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዛፕፊኖ ከማክ ጋር አብሮ ይመጣል፣ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ግን ዊንዶውስ ነበር፣ ፎንቱን ሲያጣው በሌላ ተካው።

መፍትሄው ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ከርቭ ማድረግ ነው። ፊደሉ ቅርጽ ይሆናል፣ የትም ቢከፈት አይለወጥም። ግን ከርቭ ያልሆነውን ኮፒ ለብቻ አስቀምጡ። ሙሽራዋ በመጨረሻው ሰዓት «ስሜ ላይ አንድ ኤች ይጨመር» ማለቷ አይቀርም፣ ከርቭ የሆነ ደግሞ እንደ ጽሑፍ አይታረምም።

ፊደሎቹ ተለያዩ

ቃሉን ሰፋ ለማድረግ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ጨምራችኋል። ተያይዞ እንዲሄድ የተሣለ ጽሑፍ እንዲህ ሲደረግ መገጣጠሚያው ላይ ይበጠሳል። ትራኪንጉን፣ ማለትም ይሄንን ክፍተት፣ ወደ ዜሮ መልሱት። ሰፊ ከፈለጋችሁ መጠኑን አሳድጉ።

ስሙ አይነበብም

ሙሉውን በካፒታል ጽፋችሁት ይሆናል። ካፒታሎቹ ጭራቸውን ዘርግተው ቃል ለመጀመር የተሠሩ ናቸው። አምስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። የመጀመሪያው ብቻ ካፒታል ይሁን። አድራሻና ስልክ ቁጥርም በዚህ ፎንት አትጻፉ፤ እንግዳው አዳራሹን ፍለጋ ሲዞር ካርዱን መኪና ውስጥ ነው የሚያነበው።

የማሽን ጽሑፍ መሰለ

አንድ ስም ውስጥ ሁለት ኤል ካለ ሁለቱም ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። የሰው እጅ ግን እንደዚያ አይጽፍም። ዛፕፍ ለዚህ ነው ለአንድ ፊደል የተለያየ መልክ የሠራለት። ኢላስትሬተር በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ የፊደሎቹ መልኮች የሚታዩበትን የግሊፍስ መስኮት ክፈቱና አንዱን ኤል ቀይሩት። በአንድ ስም አንድ ረጅም ጭራ ይበቃል።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ

ዛፕፊኖ የግዕዝ ፊደል የለውም። ፕሮግራሙ ወይ ሳጥን ያሳያል ወይ ሳይነግራችሁ ከሌላ ፎንት ይተካል። አማርኛው ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነባችሁ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ጽሑፉ የተተየበው በድሮው አሠራር ነው ማለት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ ፎንቱ ሲቀየር ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና ተይቡት።

እዚህ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለ። ብዙ ሰው አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር ለማመሳሰል ብሎ ያጋድመዋል። እባካችሁ አታጋድሙት። የኛ ፊደል ተያይዞ የሚሄድ አይደለም። ብራና ላይ በመቃ ብዕር ሲጽፉ የኖሩት ጸሐፍት እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው፣ ቀጥ አድርገው ነው ያቆሙት። ውበቱም ከወፍራምና ከቀጭኑ መስመር፣ ከእግሩና ከራሱ ነው የሚመጣው። የዛፕፊኖ ውበትም እኮ የብዕሩ ወፍራምና ቀጭን ነው! ስለዚህ የብዕር መልክ ያለው ቀጥ ያለ የአማርኛ ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካን፣ አጠገቡ ብታስቀምጡ ሳይጋደም ይስማማሉ። አቢሲኒካ በነፃ ይገኛል።

ቀጭኑ መስመር ሲታተም ጠፋ

ስክሪን ላይ ያምራል፣ ወረቀት ላይ ይበጣጠሳል። የዛፕፊኖ ቀጭን መስመር ፀጉር ያህል ነው። ዙሪያው በጥቁር ቀለም ታትሞ ስሙ ነጭ ሆኖ ከተተወ ቀለሙ ከጎን እየገባ ይውጠዋል፣ ሸካራ ወረቀት ላይም ይቆራረጣል። ስሙን አሳድጉት፣ ወይም ዙሪያውን በጣም ስስ መስመር ጨምራችሁ ትንሽ አወፍሩት። ቀለሙ አንድ ጥቁር ብቻ ይሁን፤ ከአራቱ ቀለም የተደባለቀ ጥቁር ትንሽ ከተንሸራተተ ጠርዙ ይደበዝዛል።

ጭራው ተቆረጠ

ወይ የጽሑፉ ሳጥን ጠቧል፣ ወይ ስሙ ለወረቀቱ ጠርዝ ቀርቧል። ከሚቆረጠው መስመር ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር አስገቡት። ሁለት መስመር ከሆነ ደግሞ የላይኛው ጭራ የታችኛውን ስም እንዳይመታ ራቅ አድርጉት።

ይሄን ሁሉ ካስተካከላችሁ በኋላ አንዷን ካርድ በትክክለኛ መጠኗ ቢሮ ባለ ፕሪንተር አትሙ። ስሞቹን ለማያውቅ ሰው ስጡና ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠይቁት። የሙሽራዋ ስም ላይ ከተደናቀፈ ፋይሉን ገና አትላኩት።