የድሮዋ ቮልስዋገን የፊት እግር፦ የሊንክ ፒን አስተካከል

እ.ኤ.አ. እስከ 1965 ሞዴል ያሉት ቢትል ቮልስዋገኖች የፊት እግራቸው በኪንግ ፒን (ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ቋሚ ፒን) እና በሊንክ ፒን (የጎማውን መያዣ ከፊት እግሩ ክንዶች ጋር የሚያያይዝ ፒን) የተያያዘ ነው። ከ1966 ሞዴል ወዲህ ያሉት በቦል ጆይንት (ራሱ ድቡልቡል በሆነ መገጣጠሚያ) ስለሚሠሩ ይህ አሠራር እነሱን አይመለከትም። ክብደቱን የሚሸከሙት በሁለቱ አግዳሚ ቱቦዎች ውስጥ የተደራረቡ፣ እየተጠማዘዙ የሚሠሩ ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው።

መሪው ኮብልስቶን ላይ ከተንቀጠቀጠ ወይም መኪናዋ ቸርችል ጎዳናን ስትወርድ ከዋለለች፣ ዕቃ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት ክፍተቱ የት እንዳለ ይለዩ። ደልዳላ ቦታ አቁመው የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያግዱ። ፊቱን በክሪክ አንሥተው ቱቦዎቹ ሥር ጠንካራ መቆሚያ ያስገቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ረዳትዎ ፍሬን ሲረግጥ ንቅናቄው ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ፒኖቹ ናቸው።

ቀድሞ ግሪስ ይግባ፣ ያውም ጎማዎቹ አየር ላይ እንዳሉ። መኪናዋ መሬት ላይ ስትቆም ፒኑ ወደ አንድ ጎን ስለሚጫን ግሪሱ ዋናው መፋተጊያ ላይ አይደርስም። አሮጌው ጥቁር ግሪስ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ይግፉ። ግሪስ አልቀበል ያለውን አፍ ፈትተው ያጽዱት እንጂ አይለፉት፤ ፒን የሚበላው እዚያ ነው። በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ ቢደገም አይበዛም፣ በተለይ በክረምት ጭቃ።

ሊንክ ፒን በየጎማው ላይና ታች አለ። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ማጥበቂያ ቡሎን ሳያወጡ ያላሉት። ፒኑን እስኪከብድ ያጥብቁ፣ ጎማውን ግራና ቀኝ ያዙሩ፣ ከዚያ ፒኑን የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል መልሰው ቡሎኑን ያጥብቁ። ከኩርባ በኋላ መሪው ራሱ ካልተመለሰ ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው።

ተስተካክሎም ከተነቃነቀ ፒኑና ቦኮላው (ፒኑ የሚገባበት ቀለበት) ተበልተዋልና አብረው ይቀየሩ። ሲፈቱ የሚወጡት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ከየትኛው ጎን ስንት እንደሆኑ ይጻፉ፤ የጎማውን ዘንበል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አዲስ የኪንግ ፒን ቦኮላ ከገባ በኋላ ውስጡ በፒኑ ልክ መስፋት አለበት፣ ይህም የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሰፋ ቦኮላ ክብነቱን ያጣል፤ ንቅናቄውም ቶሎ ይመለሳል።

ኩሽኔታ ሲነኩ፣ የግራው ጎማ ዳዶ ጥርሱ የተገለበጠ ስለሆነ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። ሲገጥሙ ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ በካቻቢቴ ሲገፋ ለጥቂት የሚንሸራተት ይሁን።

የጎማ አሰላለፍ መጨረሻ ላይ ይለካል፣ ክፍተት ባለበት ልኩ አይታመንምና። በቸርኬው ጠርዝ ሲለካ የፊተኛው ርቀት ከኋለኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይጥበብ። ንፋስም አያብዙ፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ለቀድሞው 5.60-15 ጎማ ፊት 16፣ ኋላ 24 ፒኤስአይ ይበቃል።