በአማርኛ ልክ፣ በእንግሊዝኛ ስህተት፦ ልናርማቸው የሚገቡ አነጋገሮች

ጅማ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪዎቼ የሰዋስው ሕጉን በቃላቸው ይዘውታል። የሚሳሳቱት ግን በአማርኛ ልክ የሆነውን አነጋገር እንዳለ ሲያሻግሩት ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ "የስ" እና "ኖ" ነው። "ትናንት አልመጣህም እንዴ?" ስንባል "አዎ፣ አልመጣሁም" እንላለን፤ አዎ ያልነው ለጠያቂው ነው። እንግሊዝኛ የሚያየው ድርጊቱን ነው፦ ካልመጣህ ሁልጊዜ "ኖ"፣ ከመጣህ "የስ"። አንዲት ተማሪዬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብታ "ዶንት ዩ ሃቭ ኤኒ ኤክስፒሪየንስ?" ተባለች። "አዎ፣ የለኝም" ለማለት "የስ" ብላ ዝም አለች። ጠያቂው ልምድ ያላት መስሎት የት እንደሠራች ሲጠይቃት መልስ አጣች። ያቺን ልጅ ውሸታም ያስመሰላት አንድ ቃል ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ብቻውን አትተዉት፤ "ኖ፣ አይ ዶንት" ወይም "የስ፣ አይ ዱ" ብላችሁ ጨርሱት። "የስ፣ አይ ዶንት" የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ጠዋት በ3 ሰዓት ለመገናኘት አስቦ እንግዳውን "አት ስሪ" ያለ ልጅ 6 ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል፤ እንግዳው የሚመጣው በእኛ 9 ሰዓት ነውና። የእኛ 3 ሰዓት የእነሱ "ናይን" ነው። እስከ 6 ሰዓት ያለው ላይ 6 ደምሩ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው፤ "ሲንስ 2010" ብላችሁ የእኛን አቆጣጠር ከነገራችኋቸው 7 ወይም 8 ዓመት ትርፍ ይቆጥሩላችኋል።

"ሲንስ" ካነሳን አይቀር፣ "ጅማ ስኖር 5 ዓመቴ ነው" ለማለት ብዙዎች "አይ ሊቭ ኢን ጅማ ሲንስ ፋይቭ ይርስ" ይላሉ። ሁለት ስህተት አለበት። "ሲንስ" መነሻውን ጊዜ ይፈልጋል፤ የቆይታው ርዝመት "ፎር" ነው። ግሡም ትናንት ጀምሮ ዛሬ ድረስ የዘለቀ ስለሆነ "አይ ሃቭ ሊቭድ" መሆን አለበት።

አሁን ደግሞ ወደ ቡናው። በእኛ ቤት "ቡና ጠጣ እንጂ!" ማለት ፍቅር ነው፤ አክብሮት ከፈለግን "ይጠጡ" እንላለን። እንግሊዝኛ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ሲል ያው "ዩ" ስለሆነ በግሡ ውስጥ አክብሮት ማስቀመጫ የለውም። በር ላይ ቆሞ "ድሪንክ ኮፊ!" የሚል አስተናጋጅ፣ ልቡ ምንም ቢሞቅ፣ ለእንግዳው ጆሮ አዛዥ ነው። አክብሮቱ የሚገባው በጥያቄ ነው፦ "ዉድ ዩ ላይክ ሰም ኮፊ?" ራሳችሁ ስትጠይቁም "ጊቭ ሚ ዋተር" ሳይሆን "ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዋተር፣ ፕሊዝ?" በሉ። ይህን አንዱን የለመደ ልጅ ሰዋስው ቢሳሳት እንኳ ሰው ይቀርበዋል።

"ምነው ጠፋህ?" የሚለው ሰላምታችንም "ዩ አር ሎስት" አይሆንም፤ መንገድ የሳተ ይመስላል። "አይ ሃቭንት ሲን ዩ ፎር ኤ ሎንግ ታይም" ይበቃል።

ቁጥር ላይ እኛ "ሦስት ሲኒ" እንላለን፤ እንግሊዝኛው ግን "ስሪ ካፕስ" ይላል፣ መጨረሻዋን "ስ" አትዋጧት።

ማዋስ እና መዋስ በአማርኛ የአንድ ሥር ልጆች ስለሆኑ በእንግሊዝኛም አንድ ቃል ይመስለናል። ሰጪው "ሌንድ" ያደርጋል፣ ተቀባዩ "ባሮው"። ክፍሌ ውስጥ "ባሮው ሚ ዩር ፔን" ለሚለኝ ተማሪ ስክሪብቶውን ዘርግቼ እይዛለሁ፤ "ሌንድ ሚ" ሲል እለቅለታለሁ።