የቆየች ማዝዳ ሚያታዬ ፍሬን እንዴት እንደተስተካከለ
መኪናዬ ማዝዳ ሚያታ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1990 ምርት፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር። ረጅም ቁልቁለት ላይ አራት አምስት ጊዜ አጥብቄ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ይላላና ወለል ሊነካ ይደርሳል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

መጀመሪያ ቀዳዳ ያለው ዲስክ ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥዬ የውድድር የፍሬን ሸራ አስገባሁ። ይሄ ጭራሽ ባሰ፤ ካልሞቀ በደንብ አይዝም፣ ይጮሃል። ለመንገድ መኪና አልመክረውም።

ፍንጩን ያገኘሁት ሸራውን ስፈታ ነው። በቀኝ በኩል የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጪኛው ገና ወፍራም ነበር። የካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል፣ ተንሸራታች ፒን ዝጎ ተጣብቋል። ፒኖቹን አጽድቼ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ቀብቼ መለስኩ። ዘይቱም ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን የሚፈላበት ዝቅተኛ መለኪያ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ከገባበት ወደ 155 ይወርዳል። ለካ ፔዳሉን የሚያላላው ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው አረፋ ነው! አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አስወጥቼ አዲስ ሞላሁ፤ አየሩንም ከአራቱም ጎማ አስወጣሁ።

ያው ቁልቁለት፣ ያው ፍጥነት፤ ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም።

ትልቅ ዲስክ የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከ1.8ቷ ሚያታ፣ ከነካሊፐር መያዣውና ከነሸራው። የፊቱ ከ235 ወደ 255 ሚሊሜትር አደገ።